ኳስ ሜዳው ላይ ያሰመርነው መርከብ

የ2013 ክረምትን ወልድያ ላይ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያወራው አያጣም። አንዱ ስለ ከባድ መሣሪያው ያወራል፣ አንዱ በእግሩ ስለሄደበት መንገድ፣ ሌላው ስለ ረሃቡ። እኔ የማወራው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ቆሜ ሳልናገረው ስለቀረሁት ነገር ነው። ብናገረው ሦስት ቃል ነበር። ዛሬም ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ስስቅ ድንገት ትዝ ይለኝና ሳቄ አፌ ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኮምፒውተር ነው። ተመርቄ ሥራ ሳጣ እቤት ቁጭ ብዬ ከኢንተርኔት ላይ ስሪዲ መሥራት ለመድኩ። ስሪዲ ማለት ወንበሩንም ቤቱንም ኮምፒውተር ውስጥ ዙሪያውን ዞራችሁ፣ ገብታችሁ እንድታዩት አድርጎ መሥራት ነው። ውጭ አገር ያሉ፣ በስክሪን ብቻ የማውቃቸው ጥቂት ሰዎች የቪዲዮ ጌም ይሠሩ ነበርና ቀጠሩኝ። ጌማቸው የሚካሄደው አንድ የድሮ ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ውስጥ ነው። መርከቧ ከጣልያን ተነስታ በስዊዝ ካናል አልፋ ምጽዋን እየነካች እስከ ሞቃዲሾ ትመላለስ የነበረች ናት። አርጅታ ተቆራርጣ በቁርጥራጭ ብረትነት ስትሸጥ እኔ ገና አልተወለድኩም። እነዚህ ሰዎች እሷን እንደነበረች፣ እስከ በር እጀታዋ ድረስ፣ መልሰው ሊያቆሟት ፈለጉ።

ለእኔ የደረሰኝ የታችኛው ክፍል ነው፤ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ጠባቡ ኮሪደር። ፎቶ ስጡኝ ብላቸው የለም። ሀብታሞቹ የሚደንሱበት አዳራሽማ በመቶ ፎቶ ተነስቷል። ልብስ ማጠቢያ ቤትን ማን ፎቶ ያነሳዋል? የዚያ ክፍል ፕላንም ጠፍቷል። «እንደመሰለሽ ሙዪው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ባሕር በዓይኔ አይቼ የማላውቅ የወልድያ ልጅ ነኝ። ምኑን ከምኑ ልሙላው?

ስነጫነጭ የሰማችው እማዬ «አባባ ኪሮስን ለምን አትጠይቂያቸውም? በልጅነታቸው መርከብ ላይ ሠርተዋል ይባላል» አለችኝ።

አባባ ኪሮስን የማያውቅ የኛ ሰፈር ሰው የለም። ከትግራይ መጥተው ወልድያ ሲያገቡ እናቴ ገና ልጅ ነበረች። ከኛ ቤት ሦስት በር አልፎ ትንሽ ላውንደሪ ነበራቸው። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ሱፍ የተተኮሰው በሳቸው ካውያ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ምሕረት ትባላለች፤ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ሰማንያን አልፈው እንኳ ካውያውን አልተዉም ነበር።

ሄጄ የመርከቧን የውጭ ፎቶ በላፕቶፕ አሳየኋቸው። ካውያውን አስቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። ከዚያ «ነጯ!» አሉ። ሠራተኞቹ እንደዚያ ነበር የሚጠሯት። እኔ ያንን ስም የትም አላነበብኩም። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከምጽዋ ተሳፍረው አራት ዓመት እሷ ላይ አንሶላ ሲያጥቡና ሲተኩሱ ኖረዋል። እኔ ፎቶ አጣሁለት የምለውን ክፍል! ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ጮህኩ መሰለኝ።

ችግሩ፣ በስክሪን አይሆንላቸውም። «እዚህ ጋ ነው? በሩ ወዴት ይከፈታል?» ስላቸው ዓይናቸውን ያጨማድዳሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይናደዳሉ። አንድ ቀን «ጓለይ፣ ጭንቅላቴ ረስቶታል። እግሬ ግን አይረሳም። ሰፊ ቦታ ፈልጊልኝ» አሉ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚሉኝ።

ሰፊ ቦታ ያለው ከቤታችን ጀርባ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ነው። ቤት ስንቀባ የተረፈ ኖራ በባልዲ ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው እየቆጠሩ ይራመዳሉ፤ እኔ ከኋላቸው ኖራ እየነሰነስኩ አሰምራለሁ፣ በሜትር እለካለሁ። ከማጠቢያው እስከ ደረጃው ሠላሳ አንድ እርምጃ። እዚህ ጋ ወደ ግራ። እዚህ ጋ ሁለት ሰው ቅርጫት ተሸክሞ አይተላለፍም፤ አንዱ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል። አንድ ቦታ ላይ በደረሱ ቁጥር ቀኝ ትከሻቸውን ሸሸት ያደርጋሉ። «ምንድነው እሱ?» ብላቸው «ቱቦው ነዋ! ፈልቶ ነው የሚያልፈው፤ ስንቱን ለብልቧል» አሉ። ከሣር በቀር ምንም የሌለበት ሜዳ ላይ ከስልሳ ዓመት በፊት ከነበረ ቱቦ ሲሸሹ ስላየሁ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ።

ልጆቹ የኳስ ሜዳ የምናሰምርላቸው መስሏቸው ተደስተው ነበር። ክረምቱ ገብቷልና ዝናቡ ያጥበዋል፤ እኛ በማግስቱ እንደገና እናሰምራለን። ወር ሙሉ እንዲህ ሠራን። እኔ እቤት ስገባ የለካሁትን ወደ ላፕቶፑ እያስገባሁ ግድግዳ አቆማለሁ። የውጮቹ ሰዎች ማመን አቃታቸው፤ «ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። እኔ እኮራለሁ። ሞኝ ነበርኩ፤ ዙሪያዬን አላይም ነበር።

ምክንያቱም ጦርነቱ እየቀረበ ነበር። ሐምሌ ላይ ከቆቦ የተፈናቀለው ሕዝብ ከተማውን ሞላው። ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ ከብት የሚነዳ። ወሬው ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚህ ሰርጎ ገብ ተያዘ፣ እዚያ ምልክት ሲያደርግ የተገኘ አለ። ስልኩ ውስጥ የድልድይ ፎቶ ተገኘበት ተብሎ አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲንገላታ በዓይኔ አይቻለሁ። አባባ ኪሮስን ሰላም የሚላቸው ሰው ቀነሰ። ላውንደሪው ውስጥ ልብስ ጠፋ። እሳቸው ምንም አይሉም፤ ካውያውን አግለው ይቀመጣሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም ቀረ።

መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን የመጨረሻዋን ክፍል ልናሰምር ወጣን። ኖራ አለቀብንና ልጨምር ወደ ቤት ገባሁ። ተመልሼ በራችን ላይ ስደርስ አባባ ኪሮስን አራት የሰፈር ጥበቃ ልጆች ከበዋቸው ይዘዋቸው ወደኛ ቤት እየመጡ ነው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። የአንደኛውን የምርቃት ሱፍ የተኮሱለት አባባ ኪሮስ ናቸው።

«ሜዳው ላይ ያለው መስመር ምንድነው?» አለ ያ ልጅ። «ሰው አይቷቸዋል። እርምጃ ይቆጥራሉ፣ ያሰምራሉ። ዝናብ ሲያጠፋው ደግመው ያሰምራሉ። ለማን ነው የሚለኩት?»

«መርከብ ነው አልኳችሁ» አሉ አባባ ኪሮስ።

«ወልድያ ላይ መርከብ!» አንደኛው ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ብዙ ቀን ያልተኙ ልጆች ናቸው። አልፈርድባቸውም። ቆቦ ተይዟል፣ ከባድ መሣሪያው ይሰማል፣ የመጣው ሁሉ ስለ ምልክት ነው የሚያወራው። እኔም እነሱን ብሆን እጠረጥር ነበር።

አባባ ኪሮስ ወደኔ ዞሩ። አልተጨነቁም ነበር፤ ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ነገሩ አሁን የሚያልቅ ነበር የመሰላቸው። «የሷ ሥራ ነው፤ እሷ ትንገራችሁ» አሉ።

«የኔ ሥራ ነው» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል። ላፕቶፑ ውስጥ ግን ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የተጻጻፍኩት አለ፤ መለኪያ፣ ቁጥር፣ ፕላን፣ በእንግሊዝኛ። ያ የድልድዩ ፎቶ ሰውዬ መጣብኝ። እማዬ ከኋላዬ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛለች። «ልጄ ምንም አታውቅም!» አለች ጮክ ብላ።

«እውነት ነው?» አለኝ ልጁ።

«አላውቅም» አልኩ።

ባልዲውን ከበሩ ኋላ አስቀምጬው ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየም። አባባ ኪሮስ አፌን ያዩኛል፤ ቀጥሎ የምናገረው ያለ መስሏቸው። ከዚያ ወሰዷቸው። አልመቷቸውም፤ ክንዳቸውን ይዘው ነው የሄዱት። እሳቸውም ዞረው አላዩኝም።

እማዬ ያን ዕለት ስታለቅስ ዋለች። «ያለሽኝ አንቺ ነሽ፤ ምን ላድርግ?» ትላለች። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? ለእናቴ ተረፍኩላት። ግን እሷም ብትሆን ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔን ትኩር ብላ አላየችኝም።

በማግስቱ ጧት ላፕቶፔን አዝዬ እሳቸው ወደታሠሩበት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሌሊት ወስኛለሁ፤ ከፍቼ አሳያለሁ፣ መርከቡን ሲያዩ ይገባቸዋል፣ ይለቋቸዋል። ኃላፊው ስልኩ እየጮኸበት፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦበት «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። ስለ ሽማግሌው ነው አልኩት። «እሺ አሳዪኝ» አለ። ከፈትኩት። ጥቁር ነው። ለካ ማታ ሳልዘጋው አድሬ ባትሪው አልቋል። መብራት የለም። ማብሪያውን ተጫንኩት፣ ደግሜ ተጫንኩት።

«አንቺ ነሽ አብረሻቸው የምትለኪው?» አለኝ።

ያን ጊዜም ማለት እችል ነበር። ላፕቶፕ ምን ያደርጋል? አፍ አለኝ አይደል? «ጎረቤት ናቸው፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል» አልኩ። ስለራሴ አንድም ቃል አላወጣሁም። «እናጣራለን፤ መብራት ሲመጣ ተመለሺ» አለኝ። እቃዬን ይዤ ወጣሁ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ሳይወጣ የቀረውስ? እኔ ሆድ ውስጥ ነው ያለው።

መብራት አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ከተማው ተለቀቀ። ባለሥልጣኑም፣ ጥበቃውም፣ ሕዝቡም ወደ መርሳ መንገድ ፈሰሰ። እኛም ያገኘነውን ጠቅልለን ስንወጣ የአባባ ኪሮስ በር ገርበብ ብሎ አየሁ። ሁሉም ሲሄድ የታሠሩትንም ለቀዋቸዋል። እማዬን «አንድ ጊዜ» ብያት ገባሁ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ያሳላቸዋል። ሲሚንቶ ላይ ነው ያደሩት።

«አባባ፣ ይነሡ እንሂድ» አልኳቸው።

«በምን እግሬ? መርሳ ድረስ? ተዪኝ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ለምን ዝም አልሽ?»

ሰበብ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ላፕቶፑ፣ ስለ ባትሪው። አንዱም አልመጣልኝ። «ፈርቼ ነው» አልኩ።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አሉ።

ይቅር አልኩሽ አላሉም። አልረገሙኝምም። እግራቸው ሥር ወድቄ አለቀስኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ሊጭኑ ጀመሩና መለሱት፤ ወይም ደክሟቸው ይሆናል፣ አላውቅም። «ሂጂ፣ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው» አሉኝ። ወጣሁ። በሩን ስዘጋው ሲያስሉ ይሰማኛል።

መንገዱን ብዙ አላወራም፤ የሄደ ያውቀዋል። መርሳ ድረስ በእግራችን፣ ከዚያ ውርጌሳ ላይ የጭነት መኪና አግኝተን ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት። እዚያ መብራት አለ፣ ኢንተርኔት አለ። ላፕቶፑን ሰካሁት፤ መርከቡ እንዳለ ተከፈተ። ሠላሳ አንድ እርምጃ፣ ወደ ግራ፣ ጠባቡ ኮሪደር። ወልድያ ስልክ የለም፣ መንገድ የለም፤ እሳቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ቁጭ ብዬ ሠራሁት። እያንዳንዱን በር ስሰቅል አለቅሳለሁ። አክስቴ ጥለነው ለመጣነው ቤት የማለቅስ መስሏት «አብሽሪ፣ ንብረት ይተካል» ትለኛለች። የምሕረት አድራሻ አልነበረኝም። ቢኖረኝስ ምን እላት ነበር?

ታኅሣሥ ላይ ወልድያ ተመለስን። ቤታችን ተዘርፏል፣ ግድግዳው ቆሟል። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደ ላውንደሪው ሮጥኩ። ተዘግቷል። ጎረቤታችን እማማ ዘሐራ በራቸው ላይ ነበሩ። ከተማውን ሳይለቁ የቀሩ ሴትዮ ናቸው። ገና ፊቴን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኅዳር ላይ ነው ልጄ» አሉኝ። «ደረታቸውን ነው። መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ተዘርፏል፣ ሐኪም የለ። አጥሚት እያደረግሁ አጠጣኋቸው፤ የቻልኩትን። አራት ሽማግሌና አንድ ቄስ ተገኝተው ቀበሯቸው። አላህ ይዘንላቸው።» ስለኔ ያሉት ነገር ካለ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ፈራሁ። አሁንም አልጠየቅኋቸውም።

ጥር ላይ ምሕረት መጣች። አባቷ መሞታቸውን የሰማችው ከተቀበሩ ከወር በኋላ ነው። ልብሳቸውን ስትለቅም፣ ላውንደሪውን ስትዘጋ ሰነበተችና አንድ ቀን እኛ ቤት ገባች። «ከአባቴ ጋር መርከብ ትሠሩ ነበር አሉ» አለችኝ። ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋት። ማውሱን እሷ ያዘች። በኮሪደሩ ሄደች፣ ልብስ ማጠቢያው ገባች፣ የመተኮሻውን ጠረጴዛ አየች። እኔ ከኋላዋ «እዚህ ነበር የሚቆሙት» እላለሁ። «ስለዚህ አንድም ቀን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም» አለች። ለረጅም ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ቆመች።

ከዚያ ሳትዞር፣ ስክሪኑን እያየች፣ «ሲወስዱት ሰው አልተናገረለትም?» አለችኝ። «ይህን ብቻ ንገሪኝ። አንድ ሰው እንኳ?»

«ኧረ ተናግረናል» አልኩ።

«ማን?»

«እኔ» አልኩ። «እኔ ተናግሬላቸዋለሁ። አልሰሙኝም እንጂ።»

ከየት እንደወጣ አላውቅም። ያን ቀን አልታዘዝ ያለኝ አፌ ለውሸት ሲሆን ፈጠነ። ምሕረት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ምርር ብላ አለቀሰች። «ብቻውን ነበር እያልኩ እኮ ነው እንቅልፍ ያጣሁት» አለች። «እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ።»

ጌሙ ወጣ። ስማቸውን ከሠሪዎቹ ጋር አስጻፍኩ። ብዙ ሰው ተጫወተው፤ ስለ ታችኛው ክፍል የጻፉልኝም አሉ፣ እውነት ይመስላል እያሉ። እኔ እስካሁን አንድም ቀን ከፍቼ አልተጫወትኩትም።

ምሕረት በየጊዜው ትደውላለች። እናቴ ስትታመም መድኃኒት የላከች እሷ ናት። ባለፈው ሰሞን ሴት ልጅ ተገላገለች። ደውላ «ከአባቴ ጎን ከቆመ ሰው ሌላ ለልጄ የክርስትና እናት አልፈልግም» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ እምቢ ለማለትም ምክንያት መናገር ነበረብኝ። ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ነጩን ቀሚስ ገዝቻለሁ። ግን ቄሱ ፊት ቆሜ ያቺን ሕፃን በዚህ ውሸት ላይ ታቅፌ አልቀበላትም። በስልክ ልነግራት ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ድምፅዋን ስሰማ ስለ ልጅቷ ጠይቄ ዘጋሁ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ገና ሳይታተም የመጀመሪያውን ለሷ ልኬላታለሁ።

ምሕረት፣ እኔ አልተናገርኩላቸውም። ማንም አልተናገረላቸውም። አባትሽ ብቻቸውን ነበሩ፤ እኔም እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር።